ሲኒክ የሚባለውን ሜታል ባንድ «ፎከስ» አልበም ገና አሁን ሰማሁት፣ ይሄ የሮቦት ድምፅ ነገር ይለመዳል እንዴ?

ጭጋግ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዳትስቁብኝ አደራ። ሜታል መስማት ከጀመርኩ ቆየት ብያለሁ፣ ግን የኔ ነገር ፕሮግ ነው (ፕሮግረሲቭ፣ ውስብስቡ)፣ ቱል፣ ኦፔዝ፣ ድሪም ቲያትር፣ እዛው አካባቢ ነው የሚሽከረከረው። አንድ ጓደኛ አለኝ፣ በተገናኘን ቁጥር «አንተ ፎከስን ሳትሰማ ነው ፕሮግ እሰማለሁ የምትለው?» እያለ ሲነዘንዘኝ ከረመ፣ እኔም እሺ እሺ እያልኩ ስሸውደው ከረምኩ፣ በቃ ትናንት ማታ ተሸነፍኩለትና መብራት አጥፍቼ ኢርፎን ሰክቼ ጋደም ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ ሰማሁት። 8 ትራክ ነው፣ 36 ደቂቃ ገደማ፣ ኦፔዝ ለለመደ ሰው እኮ ይሄ ሶስት ዘፈን ማለት ነው።

እና ግራ ገባኝ። የምሬን ነው። «ቬይል ኦፍ ማያ» ላይ ሪፉ (የሚደጋገመው የጊታር ሀረግ) ሲመጣ አንገቴ በራሱ ጊዜ መነቅነቅ ጀምሮ ነበር፣ ድራሙ ይሮጣል፣ ጊታሩ ጥርት ብሎ ይቆርጣል፣ አቦ ተገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የሆነ ከጠፈር የተደወለ ስልክ የሚመስል ድምፅ መጣ። ኢርፎኔ የተበላሸ መስሎኝ ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ቀልዴን አይደለም። ደግሞ ሌላ ሰውዬ ይመጣና ያጓራል፣ ከዛ ሮቦቱ ይመለሳል፣ ከዛ ሰውዬው። አንዱ ክፍል ውስጥ ዴዝ ሜታል (ያ የሚጓራበት ከባዱ ሜታል) ባንድ እየተለማመደ፣ ከግድግዳው ወዲያ የጃዝ ባንድ እየተለማመደ፣ መሀል ኮሪደሩ ላይ ደግሞ አንድ የታመመ ኮምፒውተር ቆሞ የሚጸልይ ነው የመሰለኝ።

እንዳትሳሳቱ፣ ሙዚቃው ቀሽም ነው አላልኩም። «ቴክስቸርስ» ላይ ስደርስ፣ ማንም የማይዘፍንባት ስለሆነች ይሁን እንጃ፣ ከተጋደምኩበት ተነስቼ ተቀመጥኩ። እሷን ብቻዋን ሶስቴ ደገምኳት። የኔ ችግር ድምፁ ነው፣ ይሄን ሁሉ የሚችሉ ልጆች ምን ሆነው ነው አውቶቲውን ውስጥ የገቡት? ደሞ ስለዚህ አልበም የሚያወራ ሰው ሁሉ እጅ ነስቶ ነው የሚያወራው። የመጀመሪያ አልበማቸው ስለሆነ ነው እንደዛ የሚከበረው ወይስ እኔ የማይሰማኝ ነገር አለ? ባጭሩ ይለመዳል ወይ ነው ጥያቄዬ፣ የማይለመድ ከሆነ ጆሮዬን አላስጨንቀው።

የድሮ_ካሴት፦

ሃሃሃ «የታመመ ኮምፒውተር» ገደልከኝ። ግን ወንድሜ አውቶቲውን አትበል፣ ስም ማጥፋት ነው። አውቶቲውን የሚባለው ሶፍትዌር የወጣው በ1997 ነው፣ ፎከስ የወጣው ሴፕቴምበር 1993 (ሁሉንም በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ ስለዚህ ቢፈልጉም አያገኙትም ነበር። የሰማኸው ቮኮደር ነው። ልዩነቱ ምን መሰለህ፣ አውቶቲውን ድምፅህን ያስተካክልልሃል፣ ቮኮደር ግን ድምፅህን ይነጥቅሃል። የምትናገረውን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በየደረጃው ይከፋፍለዋል፣ እያንዳንዱ ክፍል በየቅጽበቱ ምን ያህል ጎላ እንዳለ ይለካል፣ ከዛ ያንን ልክ ወስዶ በሲንቴሳይዘር ድምፅ ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ ቃሉ የሰውዬው ነው፣ ዜማው የሲንቱ ነው፣ ጉሮሮው ግን የማንም አይደለም።

እና የሚገርምህ ነገርዬው ሲሰራ ለሙዚቃ አልነበረም። በ1930ዎቹ ቤል ላብስ ውስጥ ሆመር ደድሊ የሚባል ኢንጂነር ነው የስልክ ንግግርን አሳንሶ በመስመር ለመላክ ብሎ የሰራው፣ ከዛ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ የባለስልጣኖችን የስልክ ወሬ ጠላት እንዳይሰማው ለመመስጠር ተጠቀሙበት። ወደ ሙዚቃ የገባው በኋላ ነው፣ በ70ዎቹ እነ ክራፍትወርክ፣ ጃዝ ውስጥ ደግሞ ሄርቢ ሃንኮክ ሳይቀር ዘፍኖበታል። «ከጠፈር የተደወለ ስልክ» ስትል እንግዲህ ሳታውቀው ገጥሞልሃል።

ለምን ይከበራል ላልከው፣ እስቲ ራስህን 1993 ላይ አስቀምጠው። ልጆቹ የማያሚ ልጆች ናቸው። ጊታሪስቱ ፖል ማስቪዳል (ሮቦቱ እሱ ነው) እና ድራመሩ ሾን ሬይነርት የራሳቸውን አልበም ከማውጣታቸው በፊት በ1991 ዴዝ የሚባለው ባንድ «ሂውማን» ላይ ተጫውተዋል፣ ያውም በሃያ አመት ገደማ እድሜያቸው። ሂውማንን የሰማ ሁሉ እነዚህ ልጆች የራሳቸውን ሲያወጡ ከዛ የባሰ ጭካኔ ነው የሚመጣው ብሎ ነው የጠበቀው። መሀል ላይ ኦገስት 1992 አንድሩ የተባለው ሀሪኬን ደቡብ ፍሎሪዳን አውድሞት ሄደ፣ የሚለማመዱበት ቦታ ሳይቀር ፈረሰ፣ የአልበሙ ስራ ተጓተተ። እነሱም በዛ ጊዜ ውስጥ ዘፈኖቹን አገላበጡ፣ ቀየሩ፣ ጨመሩ። በመጨረሻ ታምፓ ሞሪሳውንድ ስቱዲዮ ከፕሮዲዩሰሩ ስኮት በርንስ ጋር ገቡ፣ ሂውማን የተቀዳበት ቤት፣ የፍሎሪዳ ዴዝ ሜታል ግማሹ የተቀዳበት ቤት፣ እና ከዛ ቤት ይሄ ወጣ። ከስጋ ቤት አበባ ተገዝቶ ሲወጣ እንደማየት ነው።

እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ከካሴት ካሴት በተቀዳ ነበር። ቮኮደሩ ሲገባ ቴፑ ካሴቱን የበላው መስሎኝ አወጣሁትና በእርሳስ አጠነጠንኩት። መልሼ ስከተው አሁንም ሮቦት። ስለዚህ ኢርፎንህን ስለነቀልክ አትፈር፣ ሁላችንም የሆነ ነገር ነቅለናል።

ለምለም_ዲስቶርሽን፦

ካሴትዬ ታሪኩን አሳምረህ ነገርከው፣ ግን ልጁ የጠየቀው ይለመዳል ወይ ብሎ ነው። እኔ ልመልስለት፣ አይለመድም። ለኔ ማለቴ ነው። ይሄን አልበም በትንሹ አስር አመት ሰምቼዋለሁ፣ በየሁለት አመቱ «አሁንስ ገብቶኝ ይሆናል» ብዬ እመለሳለሁ፣ ሪፎቹን እወዳቸዋለሁ፣ ሶሎዎቹን እወዳቸዋለሁ፣ ሮቦቱ ሲመጣ ያው ፊቴን አጨማድዳለሁ። እና ምንም አልሆንኩም፣ በህይወት አለሁ።

እኔ የሚያናድደኝ ምን መሰለህ፣ ሰው ፎከስን አልወደድኩትም ሲል ወዲያው ጆሮህ አልደረሰም ይሉታል። ታሪኩን ሰምተህ የምታደንቀው አልበም አለ፣ ዝም ብለህ ስትሰማው ደስ የሚልህ አልበም አለ፣ ሁለቱ አንድ ካልሆኑ የአንተ ጥፋት አይደለም። ሂውማንን ስሰማ ማንም ምንም እንዲያስረዳኝ አልፈለግኩም፣ ግንባሬን ነው ያለኝ።

ደግሞ ማንም የማያነሳውን ላንሳው፣ የሚያጓራው ሰውዬስ? ቶኒ ቲጋርደን ነው ስሙ። እሱ ላይ ምንም ክፋት የለኝም፣ ግን አልበሙ ውስጥ ያለው ለይሉኝታ ነው የሚመስለኝ። የዴዝ ሜታሉ ሰፈር ጨርሶ እንዳይቀየም ተብሎ የተጠራ እንግዳ። ሙዚቃው ራሱ ልሂድ ልሂድ እያለ እሱ ጫፉን ይዞ የቀረ። ለነገሩ ይሉኝታውም አልጠቀማቸውም፣ በ1994 ካኒባል ኮርፕስ ከሚባለው ጨካኝ ዴዝ ሜታል ባንድ ጋር ሲዞሩ አስቡት፣ ካኒባል ኮርፕስን ሊያይ የመጣ ሰው ፊት ቮኮደር ይዘው ሲወጡ። በዛው አመት ባንዱ ራሱ ፈረሰ።

የኔ ምክር፣ ጭጋግ፣ በጎን ግባ። «ትሬስድ ኢን ኤር» የሚለውን በ2008 ተመልሰው ያወጡትን ሁለተኛ አልበም ስማ፣ እዛ ላይ የማስቪዳል ድምፅ ወደ ሰው ተጠግቷል። እሱ ከጣመህ ወደ ፎከስ ተመለስ። ካልጣመህም ተወው፣ ፈተና አይደለም።

ሰባት_በስምንት፦

እኔ ድራም ስለምመታ አድሎ አለብኝ፣ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ።

ለምለም ስለ ግሮውሉ (ማጓራቱ) ያልሽውን ግማሹን እቀበላለሁ ግማሹን አልቀበልም፣ እሱን በኋላ እንጨቃጨቅበታለን። ጭጋግ አንተ ግን ቮካሉን ለአንድ ዙር ጭራሽ እርሳው። የሬይነርትን ግራ እጅ ብቻ ተከተል። ስኔሩ (ትንሹ ከበሮ) ላይ ዋናው ምት አለ አይደል፣ ጮክ የሚለው፣ እሱን ማንም ይሰማዋል። በሁለት ዋና ምቶች መሀል ግን የሚንሾካሾኩ ትንንሽ ምቶች አሉ፣ ጎስት ኖት የምንላቸው፣ ዱላው ቆዳውን ነካ አድርጎት ብቻ የሚያልፍ። ሌላ የዘመኑ ዴዝ ሜታል ድራመር ሪፉ ሲፈጥን እሱም አብሮ ይፈጥንና ሁሉንም በአንድ ጉልበት ይወቅጠዋል፣ ይሄ ልጅ ግን እግሩ ሜታል እየመታ እጁ ጃዝ ይመታል። ቀኝ እጁ ደግሞ ራይዱ (ትልቁ ሲምባል) ላይ ጫፉንና ጉልላቱን እያቀያየረ ለብቻው ሌላ ወሬ ያወራል። ለዛ ነው ሙዚቃው ከባድ ሆኖ የማይከብድህ።

እኔ ቬይል ኦፍ ማያን ልመታ ብዬ የተዋረድኩትን ልንገራችሁ። በግማሽ ፍጥነት ጀመርኩ፣ እግሬ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደረሰ፣ ደስ አለኝ፣ በሙሉ ፍጥነት መታሁና በስልኬ ቀዳሁት። ስሰማው ምን ብሰማ ጥሩ ነው፣ ምቶቹ አሉ፣ ሁሉም አሉ፣ ግን ሁሉም እኩል ይጮኻሉ፣ ልክ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሚስማር እንደሚመታ ሰው። ፍጥነቱ ሲጨምር ሹክሹክታው ጠፋ ማለት ነው። የሚያስተምረኝ ሰውዬ ሰምቶ ሳቀና «ጎረቤት ክፍል ህፃን ተኝቷል እንበል፣ ሳትቀሰቅሰው ምታው» አለኝ። ትራስ ላይ ነበር የምለማመደው ከዛ በኋላ፣ ሌሊት ሌሊት። ወራት ፈጅቶብኝ አንድ ደቂቃ የምትሆነዋ ቦታ ላይ ህፃኑ ሳይነቃ ደረስኩ፣ ከዛ በላይ አልሄድኩም እስካሁን። ይሄን የመታው ልጅ ያኔ ስንት አመቱ እንደነበር ሳስብ ዱላውን ማስቀመጥ ነው የሚያምረኝ።

አንድ ሌላ ነገር፣ አትቁጠር። ስሜን ሰባት በስምንት ብዬ ይሄን ማለቴ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። ፕሮግ ሲባል ሁሉም ሰው ጣቱን አውጥቶ ይቆጥራል፣ ከዛ አንድ ቦታ ይጠፋበትና ይናደዳል። ጊታሩ ሀረጉን የሚጨርስበት ቦታና ድራሙ የሚጨርስበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሌላውን ይጠብቀዋል፣ ከዛ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ላይ ይወድቃሉ። አንተ አብረው የሚወድቁበትን ቦታ ጠብቅ በቃ። እሱን ካገኘኸው ቀሪውን ሰውነትህ ይቆጥርልሃል።

ዝም_ብዬ_ሰሚ፦

ማንም ስላልነገረው ነው፣ የምትሰማው ከ8 ትራክ በላይ ካለው የ2004 ሪኢሹ (እንደገና የታተመው) ነው፣ «ሀው ኩድ አይ» ላይ አቁም። ከዛ በኋላ ያሉት ሪሚክሶችና ፖርታል የሚባለው ከሲኒክ በኋላ የሞከሩት ባንድ ዘፈኖች ናቸው። መጀመሪያ ስሰማ አላወቅኩም ነበር፣ አልበሙ ተመልሶ የጀመረ መስሎኝ ለሳምንት «እንዴት ያለ ጥልቅ አወቃቀር ነው» ስል ነበር። ሼም።

ቤዝ_የት_አለ፦

ይሄ ሁሉ ሰው ጽፎ አንድ ሰው እንኳን ቤዝ አላለም። እንደተለመደው።

ጭጋግ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ኢርፎንህ ስልኩ ሲገዛ አብሮት የመጣው ነው አይደል? ከሆነ አልበሙን ገና አልሰማኸውም። ሾን ማሎን የሚጫወተው ፍሬትለስ ቤዝ ነው። መደበኛ ቤዝ አንገቱ ላይ ብረት ብረት መስመሮች አሉት፣ ጣትህን መሀላቸው ላይ ካሳረፍክ ኖታው ይወጣል፣ ትንሽ ብትሳሳትም ብረቱ ያድንሃል። ፍሬትለሱ ላይ ብረቱ የለም፣ ሜዳ ነው፣ ጣትህ በግማሽ ሚሊ ብትዛነፍ ያስታውቃል። በምትኩ ደግሞ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሳትነሳ ተንሸራተህ መሄድ ትችላለህ፣ ኖታው ራሱ ሲወጣ አፉን ከፍቶ እንደሚዘጋ ሰው «ምዋ» ይላል። ይሄን መሳሪያ ሰው የሚያውቀው ለስለስ ባለ ጃዝ ነው፣ ሰውዬው ግን በዴዝ ሜታል ሪፍ ስር ነው የሚያንሸራትተው። ስቲክ የምትባለዋንም ይጫወታል፣ ብዙውን ጊዜ አስር ክር ያላት፣ በሁለት እጅ ክሮቹን አንገቷ ላይ መታ መታ እያደረግክ የምትጫወታት ጣውላ።

እና ስማኝማ፣ ቴክስቸርስ ላይ «ማንም የማይዘፍንባት» ብለሃል። ተመልሰህ ስማት። ቤዙ ነው የሚዘፍነው። ከተጋደምክበት ያስነሳህ ዘፋኙ ነው፣ አላወቅከውም እንጂ።

አሁን ያንን አልበም ያለ ማሎን ማሰብ ትችላላችሁ? ሬይነርት ጃንዋሪ 2020 ሞተ፣ ማሎን ደግሞ እዛው አመት ዲሴምበር ላይ። ሁለቱ ሾኖች በአንድ አመት። ከዛ ወዲህ ይሄን አልበም ስሰማ ከድራሙና ከቤዙ ውጪ ሌላ ነገር ለመስማት ይቸግረኛል፣ እኔም አድሎ አለብኝ እንግዲህ።

የድሮ_ካሴት፦

ቤዝ፣ ልክ ነህ፣ አፉ ብለናል። ስለሁለቱ ስታነሳ ደግሞ ዝም አስባልከኝ።

ለምለም፣ ስለ ይሉኝታው ያልሽውን ሳስበው ዋልኩ። አንድ ነገር ልጨምርበት፣ 1993 ላይ ከዴዝ ሜታል ወጥቶ ጃዝ ውስጥ የገባው ሲኒክ ብቻ አይደለም። ኤቲስት የሚባለው ባንድ «ኤለመንትስ»ን ያወጣው በዛው አመት ነው፣ የሆላንዶቹ ፔስቲለንስ «ስፊርስ»ን በጊታር ሲንት ሞልተው ያወጡትም በዛው አመት ነው። ሶስት ባንድ፣ አንድ አመት፣ ሶስቱም ከዛ በኋላ ተበተኑ። ያኔ የሰማቸው ሰው ጥቂት ነው፣ አሁን ግን ሶስቱን የማያነሳ ፕሮግ ሜታል ሰሚ የለም። እንደ እንግዳ የተጠራው የሚያጓራው ሰውዬ ብቻ አልነበረም ማለቴ ነው፣ ያኔ እነሱ ራሳቸው በሰፈሩ እንግዳ ነበሩ።

ለምለም_ዲስቶርሽን፦

ኤለመንትስን ካነሳህማ እኔ ከሶስቱ እሷን ነው የምመርጠው፣ ሮቦት የለባትም። ሃሃ። ግን «ሶስቱም ተበተኑ» ስትል ሂሳቡ ጀግና ለማድረግ አይበቃም፣ ያን አመት የተበተነ ቀሽም ባንድም ሞልቷል።

ጭጋግ፦

ከአራት ቀን በኋላ ተመልሻለሁ፣ ሪፖርት ልስጥ።

ቤዝ፣ አዎ ከስልኩ ጋር የመጣው ኢርፎን ነበር፣ እንዴት አወቅክ። የወንድሜን ትልቁን ሄድፎን ለምኜ ወሰድኩ (የሚያውቀው አልመሰለኝም)። መጀመሪያ ቴክስቸርስን ከፈትኩ፣ እና እውነትህን ነው፣ ለካ እዛ ስር ሰው ነበር! እኔ ጊታር ነው ብዬ ያሰብኩት አንዱ ዜማ ቤዝ ሆኖ ተገኘ፣ እንደ ላስቲክ ሳብ ተደርጎ ሲለቀቅ ይሰማል። የሰባት_በስምንት ግራ እጅ ግን አቃተኝ፣ ሶስቴ ሞክሬ ሶስቴም ትልቁ ምት እየወሰደኝ ሄደ። አንዴ ብቻ፣ «ሴንቲመንት» ላይ፣ የሆነ ቦታ ላይ ጠብ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ዝናብ ሊጀምር ሲል መስኮት ላይ እንደሚለው፣ እሱ ከሆነ አግኝቼዋለሁ፣ ካልሆነም እንዳትነግረኝ። አብረው የሚወድቁበትን ቦታ መጠበቅ ያልከው ግን በጣም ሰርቶልኛል፣ መቁጠር ትቼ ቁጭ ስል ሲገጥሙ ሆዴ ውስጥ ነው የሚሰማኝ።

አሁን ወደ ድምፁ። ለምለም ትሬስድ ኢን ኤርን ሰማሁት፣ ቆንጆ ነው፣ አልከራከርሽም፣ ግን በጣም ተስማምቶኝ ሲያበቃ ፎከስ ናፈቀኝ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም መጀመሪያ። ተመልሼ ፎከስን ስከፍት ሮቦቱ መጣ፣ እና ምንም አልመሰለኝም። የካሴት ማብራሪያ ነው መሰለኝ ያበላሸኝ፣ ዜማው የሲንቱ ነው ካለኝ በኋላ ዘፋኝ ነው ብዬ መስማት ተውኩ፣ ኪቦርድ ነው፣ ቃል የሚናገር ኪቦርድ። ኪቦርድ ደግሞ ፕሮግ ውስጥ መች አስቸግሮኝ ያውቃል።

ችግሩ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አሁን የሚረብሸኝ ሰውዬው ነው! የሚያጓራው። መጀመሪያ ቀን ከሁሉም የምግባባው ከሱ ጋር ነበር፣ ኦፔዝ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ፣ ሲያጓራ ቤቴ የገባሁ ያህል ነው የሚሰማኝ። አሁን ሁሉም ነገር ተንሳፎ ሲሄድ እሱ መጥቶ በር ያንኳኳል። የለምለም «እንግዳ» የሚለው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣም አለ፣ ምን አለበት ባትጽፊው ኖሮ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይረብሸኝም፣ «ዩሮቦሪክ ፎርምስ» ላይ። እዛ ላይ ቤቱ ነው፣ ልክክ ይላል። እንዲያውም ዘፈኑ ራሱ ከሌሎቹ ጋር የማይመሳሰል፣ የሌላ ባንድ ሁሉ ነው የሚመስለው። ለምንድነው?

የድሮ_ካሴት፦

ጆሮህን ልሳመው። ዩሮቦሪክ ፎርምስ አሮጌ ነው፣ በ1991 ዲሞ (ከአልበሙ በፊት ለሙከራ የቀዱት) ላይ አለ፣ ማለት ሮቦቱም ሀሪኬኑም ሳይመጣ የተጻፈ ነው። ዲሞውን ፈልገህ ስማው፣ ያኔ ማስቪዳል ራሱ ነው የሚጮኸው፣ ሪፉ ያው ነው፣ ግን ጥርሱን የነከሰ ልጅ ነው። «ዘ ኢግል ኔቸር»ም እዛ ላይ አለ። ሁለቱን ስሪት ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ባንዱ በሁለት አመት የት እንደሄደ በጆሮህ ታየዋለህ፣ ኢግል ኔቸርን ይዘውት ሄደዋል፣ ዩሮቦሪክን ግን ልብሱን ብቻ ነው የቀየሩለት።

ሰባት_በስምንት፦

ጠብ ጠብ ያልካት እሷ ናት በለው፣ አልነግርህም ብዬ ነበር ግን አልቻልኩም።

ለምለም እንግዲህ ስለ ግሮውሉ የምንጨቃጨቅበት ጊዜ አሁን ነው። ዩሮቦሪክ ላይ ልክክ ካለ፣ ሰውዬው ላይ አይደለም ጥፋቱ፣ ሌሎቹ ዘፈኖች ናቸው እሱን ጥለውት የሄዱት።

ለምለም_ዲስቶርሽን፦

እሱንማ እኔም ብያለሁ እኮ፣ «ሙዚቃው ልሂድ ልሂድ እያለ» ብዬ ጽፌያለሁ ወደላይ ሂድና አንብብ። የምንጨቃጨቅበት ነገር አጣን ማለት ነው፣ ያሳዝናል። ጭጋግ ግን አንተ በአራት ቀን ሮቦቱን ከለመድክ እኔ አስር አመት ምን ሳደርግ ነበር? ዛሬ ማታ ኪቦርድ ነው ብዬ እሞክራታለሁ፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ካልሰራ ካሴትን ነው የምጠይቀው።

ጭጋግ፦

ሃሃሃ ሞክሪና ንገሪን። ዲሞውን እያወረድኩት ነው።

ጓደኛዬ ደግሞ ዛሬ «እና? ሰማኸው?» ብሎ ጻፈልኝ። «ምኑን?» አልኩት። ትንሽ ላቆየው ነው ሳልነግረው፣ እሱም እኮ ስንት ጊዜ ነዝንዞኛል። ኧረ ወንድሜ ሄድፎኑን እየፈለገ ነው፣ መጣሁ።